የካውያዬ ስፒና

መስከረም 28

ለባለቤቴ ልጅ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ፤

ይህን ማን ጻፈላት ብለሽ አትጨነቂ። እኔ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በመስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ፣ መቀሱንና ሜትሩን ወደ ዳር ገፍቼ። አንዳንዱ ፊደል ቢያዘነብልብሽ ታገሺው፤ ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሞ ሲጠብቀኝ ደክሞት ነው።

"ምነው አራት ወር ዝም አሉኝ?" ብለሽ ለጠየቅሽው መልሱ ይኸው ነው። በሰው እጅ ከማስጽፍ በራሴ እስክችል ልቆይ ብዬ ነው። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ለጎልማሶች የሚያስተምሩበት ክፍል ተከፍቷል። መምህሯ ከመቀሴ በዕድሜ ታንሳለች። የመጀመሪያ ቀን "እማማ፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?" አለችኝ። "አይ፣ እናቴ ልካኝ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ተግባብተናል።

የማነበው ሲያልቅብኝ ያንቺን የዘጠኝ ዓመት ደብዳቤዎች ከሣጥን አወጣሁ። አባትሽ በሕይወት ሳለ የሚያነብልኝ እሱ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ጎረቤታችን። ሁለቱም ይዘሉ ነበር ለካ! አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋዜጣውንም "ይሄ ላንቺ አይሆንም" እያለ ነበር የሚያነብልኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ሁለት ገጹን "ደህና ነኝ ትላለች" ብሎ ያጥፈዋል። ለአባትሽ በጻፍሽው ሁሉ ግርጌ "እትዬን ሳምልኝ" የሚል አለ። አንድም ቀን ማንም አልሳመኝም፤ አላነበበልኝምም። ሰባት ዓመት ሆኖሽ ከመጣሽ ጀምሮ እኔን እንደማትወጂኝ ነበር የማውቀው። እንግዲህ ዘግይቶም ቢሆን ሰላምታሽ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ችግሬ። የካውያዬ ስፒና ተቃጠለ፤ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ውስጥ የሚሰካው፣ ባለ ሦስት እግሩ። አምና ሰፈሩ "ብልጭ ድርግም" የሚለው ጠጋኝ ከፍቶት "ይቺ ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ትርፍ ናት፣ እማማ" ብሎ ቆርጦ ጣላት። ከዚያ ወዲህ የካውያውን ብረት በነካሁ ቁጥር ይነዝረኛል። ብነግረው "እርጅና ነው" አለኝ። ባለፈው ሰኞ ስፒናው ጨሰና የግቢው መብራት ሁሉ ጠፋ። አከራዬ፣ ያቺ ሠላሳ ቁልፍ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረው፣ እሜቴ ቁልፍ እንላታለን፣ በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ኅዳር 25 ቀን የመብራት ተቆጣጣሪ ታመጣለች። እሱ "ደህና ነው" ካላለ ካውያው ከቤቷ ይወጣል። ካውያ የሌለው ልብስ ሰፊ ምንድን ነው? ወደ ወንድሜ ቤት መሄዴ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ጓዳ፣ የሰው ማሰሮ እያጠብኩ፣ የሰው ፊት እያየሁ ልኖር። እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ደብተሩን ተሸክሜ እስከ በሩ የሸኘሁት ወንድሜ። ከዚያስ ሞቴ ይሻላል።

አዲስ ስፒና ገዝቻለሁ። ብልጭ ድርግም ዳግመኛ ደጄን አይረግጥም። አንቺ ይህን ለሰው ሁሉ ትሠሪያለሽ፤ እኔ በእጄ መሥራት እችል እንደሆነ ንገሪኝ።

የአባትሽ ሚስት


ጥቅምት 17

ለባለቤቴ ልጅ፤

ሥዕሉ ደረሰኝ። "ደብዳቤው" አላልኩም፤ ደብዳቤ የለውምና። አንድ ሙሉ ገጽ ሥዕል፣ ከሥሩ አራት ቃል። ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አይዞዎት። እኔ አራት ወር ተንገላትቼ ሦስት ገጽ ጻፍኩልሽ፤ አንቺ እንደ ሕፃን ሥዕል ላክሽልኝ። መስመሩም ይንቀጠቀጣል፤ ልጅ የሣለው ይመስላል። ወረቀቱ ደግሞ ፋርማሲ ፋርማሲ ይሸታል። "አንብባ አይገባትም" ካልሽ በግልጽ በይኝ፤ ብዙ ሰው ብሎኝ ያውቃል፤ አልሞትኩም።

የሆነ ሆኖ ሥራው አልቋል፤ ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። ገመዱን ላጥሁ። ሽቦዎቹን እንደ ክር ጫፍ በምራቅ ሳይሆን በጣቴ ብቻ ጠመዘዝሁ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ለልብስ ሰፊ ሥዕል ማንበብ ማስተማር አያስፈልግም። ጠመኔ የሚሠመረው በጨርቁ ግልባጭ በኩል ነው፤ ሥዕሉ ላይ በቀኝ ያለው ሥራው ላይ በግራ ይውላል። ይህን የማያውቅ እጀታ ገልብጦ ይሰፋል። ስለዚህ ሥዕልሽን እንደ ደንቡ ገለበጥኩና ሥዕሉ ላይ በቀኝ ያለውን ቡናማ በግራ አሠርሁት፣ ሰማያዊውን በቀኝ። ቢጫዋ ከላይ መሀል ስለሆነች ቦታዋ አልተለወጠም። እንደ እርሳስ ቁራጭ ያለች ነገር ስፒናው ውስጥ አለች፤ ሥዕልሽ ላይ የለችም። ረስተሻት ይሆናል ብዬ አልነካኋትም።

ካውያው ሞቀ! አይነዝርም፣ አይጨስም። ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ሸሚዝ ተኩሻለሁ። ብልጭ ድርግም በደጄ ሲያልፍ በሩን ሆን ብዬ ከፍቼ ተኮስኩ።

ተቆጣጣሪው ይምጣ እንግዲህ።

የአባትሽ ሚስት


ጥቅምት 27

ይድረስ ለእትዬ፤

ትናንት በስልክ ስለጮኽሁብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። "ገለበጥኩና" የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ስልኩን አነሣሁ። እሜቴ ቁልፍ ስልኩን ይዛ እስክትጠራዎ ድረስ የነበረውን ጊዜ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም፤ "አንቺ" ብዬዎት እንደሆነ ግን ይሰማኛል። በድፍረት አልነበረም። ስልኩን ስለዘጉብኝ አልተቀየምኩም። ብቻ እሜቴ ቁልፍ ተመልሳ ደውላ "ነቅላዋለች፣ ተሳድባም ነቅላዋለች" እስክትለኝ ድረስ መቀመጥ አልቻልኩም።

እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥዕሉን ሣልኩ እንጂ በየት በኩል እንደሚታይ አልጻፍኩም። ፊውዟንም አልሣልኳትም፤ ያቺ እርሳስ ቁራጭ የመሰለችው ፊውዝ ናት። አሁን በቃል ልንገርዎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቱ የሚመጣው በቡናማው ሽቦ ነው፤ በሰማያዊው ይመለሳል። ፊውዟ የተቀመጠችው በቡናማው መንገድ ላይ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ተቃጥላ መንገዱን ትዘጋለች። ቡናማውና ሰማያዊው ከተለዋወጡ ካውያው እንደ ወትሮው ይሞቃል፤ ምንም ስሕተት አይታይም። ክፋቱም እሱ ነው። ፊውዟ ስትቃጠል የምትዘጋው መመለሻውን ይሆናል፤ እሳቱ ግን ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ካውያው በርዶ ያዩታል፤ "ሞቷል" ብለው ይከፍቱታል፤ እሱ ግን አልሞተም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ገመዱን ይዘው ሳይሆን ስፒናውን ራሱን ይዘው። ከዚያ በካቻቢቴ ይክፈቱት። በየብሎኑ አጠገብ የባዕድ ፊደል ተቀርጿል፤ ማንበብ አያስፈልግም፣ ቅርጹን ብቻ ይዩ። አንዱ ልብስ የሚለኩበትን ስኳድራ ይመስላል፤ ቡናማው እዚያ ነው፤ ፊውዟም በእሱ በኩል ናት። ሌላው አንድ የዚግዛግ ስፌት ይመስላል፤ ሰማያዊው እዚያ። ሦስተኛው ሦስት ጥርስ የቀረው ማበጠሪያ ነው፤ ቢጫና አረንጓዴዋ እዚያ። አንዳንድ ስፒና ላይ በማበጠሪያው ፈንታ ቁልቁል እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት መስመሮች ይኖራሉ፤ ያው ነው። ወረቀት አይገልብጡ፤ የእኔን ሥዕል ይቅደዱት፤ ምልክቶቹን ብቻ ይመኑ።

ቢጫና አረንጓዴዋ የመሬት ሽቦ ናት። ብረቱ ላይ እሳት ቢፈስ ወደ እርስዎ ሳይሆን ወደ መሬት ትወስደዋለች። ትርፍ አይደለችም። ከሁለቱ ረዘም አድርገው ይተዉአት፤ ገመዱን ሰው ቢጎትተው መጨረሻ የምትላቀቀው እሷ እንድትሆን። የተላጠው ሽቦ ከትንሽ ጣትዎ ጥፍር አይብለጥ፤ ከብሎኑ ውጭ አንድ ጭራ እንኳ አይታይ። ገመድ መያዣው የሚነክሰው የውጩን ወፍራም ልባስ ነው፤ ቀጭኖቹን ሽቦዎች አይደለም። ፊውዟ ላይ "13" መጻፉን ያረጋግጡ። ሲጨርሱ እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ ብለው ይሳቡት። ከወጣ አልጠበቀም።

ስለ ሥዕሉ ንቄዎት አልነበረም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቱታዬን በየሳምንቱ ተኩሰው፣ ሱሪው ላይ መስመር አውጥተው ይልኩልኝ ነበር። "ቱታ የሚተኮስላት ልጅ" እያሉ ስንት ሳቁብኝ! አፍሬ ነበር። አሁን የምሠራበት ቦታ የማንም ቱታ አይተኮስም፤ የዚያን ጊዜው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። አመስግኜዎት አላውቅም።

አክባሪዎ


ኅዳር 6

ለኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ፤

"ተቀየሙኝ ይሆን?" ብለሽ ከሠጋሽ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀይሜ ነበር። ስልኩ ውስጥ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ንቀዪው! ንቀዪው አልኩሽ! አትንኪው!" እሜቴ ቁልፍ አጠገቤ ቆማ ሁሉን ሰምታለች፤ ቁልፎቿ እንኳ ዝም አሉ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ተጮኸብኝ ብዬ ዘጋሁት። ነቀልኩት ግን። እየተሳደብኩ ነቀልኩት።

ከሳምንቱ በኋላ ደብዳቤሽ መጣ። አራት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛው ላይ ያ አሥራ አንድ ሸሚዝ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ። እንደዚያ የጮኸልኝ ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም። የሚጮኽብኝ ሞልቶ ነበር፤ ለእኔ ብሎ የጮኸ ግን አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ ልማድ የለኝም።

ሥዕሉን ቀደድኩት። በደብዳቤሽ ሠራሁ። ስኳድራው ጋ ቡናማ፣ ዚግዛጉ ጋ ሰማያዊ፣ ማበጠሪያው ጋ ያቺ "ትርፏ"። ሁለቱን ሽቦዎች አሳጥሬ እሷን አረዘምኳት። ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ፤ ገመድ መያዣውን መጀመሪያ በቀጭኖቹ ላይ ነበር ያጠበቅሁት፤ "የውጩን ልባስ" የምትለዋን መስመር ደግሜ ሳነብ አስተካከልኩት። የተጻፈ ነገር ጥሩ ነው፤ እንደ ሰው አይሰለችም፤ አሥር ጊዜ ብትጠይቂው አሥር ጊዜ ይመልሳል። ፊውዟ ላይ 13 አለ። እያንዳንዷን ሳብኳት፤ አልወጡም።

"ትርፍ አይደለችም" ያልሽውን መስመር በትልልቅ ፊደል ገልብጬ የስፌት መኪናው ላይ ለጠፍኩ። ብልጭ ድርግም ቁልፍ ሊያስተክል ሸሚዝ ይዞ መጣና አነበበው። "ማን ናት?" አለኝ። "አንተ የቆረጥካት" አልኩት። ሸሚዙን ትቶ ሄደ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ በደንብ መልሺልኝ። ማንበብ የተማርኩት በደብዳቤዎችሽ ነው። ያንቺን "ለ" አውቀዋለሁ፤ ባልዲ እንደያዘ ሰው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። "መ"ሽ ሁለት ሆዷ እኩል አይደለም። ይህ ደብዳቤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ የጸሐፊ እጅ ነው። ቃሉ ያንቺ ነው፤ እጁ ያንቺ አይደለም። እጅሽ ምን ሆነ?

የአባትሽ ሚስት


ኅዳር 14

ይድረስ ለእትዬ፤

ስለ ስፒናው በጣም ደስ ብሎኛል። እንደጻፉልኝ ከሆነ ሥራው ትክክል ነው። የስፌት መኪናው መብራትም ቢያሳስብዎ፣ ገመዱ ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው እና የመብራቱ አካል በሙሉ ላስቲክ ከሆነ አይስጉ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ግን ካውያው አጠገብ አያከማቹ።

ስለ እጄ አያስቡ። ሥራ ስለበዛብኝ የመጋዘናችን ጸሐፊ እየጻፈችልኝ ነው። ጎበዝ ናት፤ ፊደሏም ያምራል። የአየሩ ነገር እንዴት ነው? እኛ ጋ በርዷል።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ እርስዎ ከፍተው ያሳዩት፤ እሱ ሲከፍት ቆመው አይጠብቁ። የሠራ ሰው ራሱ ነው የሚያሳየው።

አክባሪዎ


ኅዳር 27

ለጸሐፊዋ ወይም ለምታስጽፈው፤

"ምን አለ?" ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። እነግርሻለሁ፤ አንቺ ባትነግሪኝም እኔ እነግርሻለሁ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት መጣ። ቀጭን፣ ባትሪና ትንሽ ቦርሳ የያዘ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተበላ ሰው። እሜቴ ቁልፍ ከኋላው እየተንሿሿች። ከእሷ ኋላ ግቢው ሁሉ፤ ሰው ሲባረር ማየት በነጻ ነው።

"ካውያውን ማን ነው የሠራው?" አለ።

"እኔ።"

"እርስዎ?"

"ታዲያ ካውያው ራሱን ሠራ?"

ሳቀ። እጁን ሲዘረጋ "ቆይ፣ እኔ እከፍተዋለሁ" አልኩት፣ እንዳልሽኝ። ነቀልኩ፣ ካቻቢቴዬን ከመርፌ ትራሴ ሥር አውጥቼ ከፈትኩ። አልዋሽሽም፣ ጓዳዋ በዓይኔ መጣች። ወንድሜም አንድ ቀን ቀደም ብሎ "አልጋ አስገብቼልሻለሁ" ብሎ ልኮብኝ ነበር፤ እንደ ቸርነት።

ሰውዬው ባትሪውን አብርቶ ጎንበስ አለ። አንድ በአንድ ሳበ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም። ብዙ ቆየ። እሜቴ ቁልፍ "ካልሆነ እንግዲህ..." ስትል እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት።

"ይቺን ሽቦ ለምን አስረዘሟት?"

"ገመዱ ሲጎተት መጨረሻ የምትላቀቀው እሷ እንድትሆን። ሰው የምታድነው እሷ ናት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ማን አስተማረዎት?"

"ልጄ" አልኩት። "ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት።" ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው ያልኩት። ማንም "የእንጀራ ልጇ ናት" ብሎ አላረመኝም፤ ቢያርመኝ መቀሱ ቅርብ ነበር።

ከዚያ የእሜቴ ቁልፍን ማቀዝቀዣ ሊያይ ሄደ። የብልጭ ድርግም ሥራ ነበር፤ የመሬቷ ሽቦ ተቆርጣ፣ የቀሩት ሁለቱ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለው። "በዚህ ግቢ ከርስዎ ይልቅ ተከራይዎ በደህና ቤት ነው የምትኖረው" አላት። ወረቀት ጻፈ። እሷ መነጽሯን ስትፈልግ እኔ በትከሻዋ በላይ አነበብኩት። "የተከራይዋ ካውያና ስፒና በደንቡ የተሠራ ስለሆነ መጠቀም ትችላለች።" ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ አንድም ቃል ሳልዘል።

ክፍሌ የእኔ ነው። ለወንድሜ አልጋውን እንዲያወጣ ላክሁበት። ዛሬ ጠዋት እሜቴ ቁልፍ የማቀዝቀዣውን ስፒና በሳህን ላይ ይዛልኝ መጣች፣ እንደ ምግብ። "እጅሽ ካልቦዘነ..." አለች። ሠራሁላት። ስታመሰግነኝ ቁልፎቿን ይዛ ነበር፤ እንዳይንሿሹ።

ይህ ሁሉ ያንቺ ነው፤ አውቀዋለሁ። በሰው ፊት "እኔ ሠራሁት" አልኩ፤ ላንቺ ግን እውነቱን ልጻፍ። ያለ አንቺ ዛሬ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። አመሰግንሻለሁ።

አሁን ደግሞ እጅሽ። ስለ አየር የሚያወራ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ሥራ የበዛበት ሰው ስድስት መስመር ለማስጻፍ ጊዜ ካገኘ ሁለት መስመር ራሱ ለመጻፍም ያገኛል። ሁለት መስመር በራስሽ እጅ ላኪልኝ። ስድብም ቢሆን።

እኔ


ታኅሣሥ 8

እትዬ፣

ይህ የግራ እጄ ነው። ሥዕሉንም የሣልኩት በግራ እጄ ነበር። ከአራት ቃል በላይ አልቻልኩም። "አይዞዎት" ያልኩት ላንቺ ይሁን ለራሴ እንጃ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። ዳቦ ቤት ውስጥ የሊጥ ማቡኪያ ልጠግን ሄጄ። ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ሞቷል አልኩ። ስፒናው ከዱቄት ጆንያ ኋላ ነበርና ሳልነቅል ማሽኑን ከፈትኩ። ስፒናው ውስጥ ቡናማውና ሰማያዊው ተለዋውጠው ነበር። እኔ፣ ለሰው ሁሉ "ንቀሉ" የምለው፣ አልነቀልኩም። ቀኝ እጄ ተቃጠለ። ሁለት ጣት እስካሁን አይታጠፍም። ሐኪሙ "ቀስ በቀስ ይመለሳል" ይላል። ለመሥሪያ ቤቱ የአደጋውን ነገር በጽሑፍ አስገቢ ተብያለሁ፤ ለጸሐፊዋ ማስጻፍ አፈርኩ።

ያልነገርኩሽ ከሰማሽ ክፍሉን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። ባዶ ካገኘችው እሜቴ ቁልፍ ትዘጋው ነበር። ወደ ጓዳዋ እንድትገቢ ምክንያት መሆን አልፈለግሁም።

"ልጄ" ያልሽውን አነበብኩ። ይህን ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንቺ እያልኩሽ ነው፤ በግራ እጅ "እርስዎ" ይረዝማል። እሱ ብቻ ግን አይደለም።

አመሰግናለሁ፣ እትዬ።


ታኅሣሥ 17

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። "ትመጫለሽ ብዬ" ላልሽው፣ በደንብ ታውቂኛለሽ። እመጣ ነበር። አሁንም እየመጣሁ ነው፤ ልዩነቱ የምመለስበት ቤት አለኝ። ጠብቀሽ ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ፤ በተቃጠለ እጅ።

ዛሬ ጠዋት ያለብኝን ሥራ ለባለቤቶቹ አስረከብኩ። ካውያውን ነቀልኩ፤ ስፒናውን ይዤ። የስፌት መኪናውን ሸፈንኩ። ክፍሉን ቆለፍኩና ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም፤ አንገቴ ላይ ነው። ለእሜቴ ቁልፍ "ሦስት ሳምንት" አልኳት። ቁልፎቿን አንድ ጊዜ አንሿሽታ "አምስትም ቢሆን። ማን ይነካዋል? የግቢው ስፒና ሁሉ አንቺን ይጠብቃል" አለች። የአውቶቡስ ትኬቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ነገ ማለዳ እነሣለሁ።

ለመሥሪያ ቤትሽ የምታስገቢውን አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። "አልነቀልኩም" የሚለውንም እንጽፋለን፤ ስፒናው ተሳስቶ መሠራቱንም። ሁለቱም እውነት ናቸው። የእኔ ፊደል እንደ ጸሐፊዋ አያምርም፤ አያፍርብሽም ግን። እኔም አሥራ አንድ ሸሚዝ የተኮስኩ ሰው ነኝ።

ቱታዎችሽን አዘጋጂልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይተኮስ የለበስሽውን ሁሉ። ተኩሼ ስጨርስ ጓደኞችሽ ይሳቁብሽ፤ ደስ ይለኛል።

ወደ መናኸሪያው አትምጪ፤ በዚያ እጅ ሻንጣዬን ልያዝ ትያለሽና። አድራሻሽን ከዘጠኝ ዓመቱ ደብዳቤዎች ራስጌ ላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የበሩንም ቁጥር፣ የመንገዱንም። ማንንም ሳልጠይቅ አገኘዋለሁ።

ለዚህም መልስ አትጻፊ። ፖስታ ቤቱ እንደልማዱ ስምንት ቀን ይፈጅበታል፤ አውቶቡሱ ግን ሁለት ቀን። እኔ ደብዳቤውን ቀድሜው ሳልደርስ አልቀርም። እሱ ሲመጣ አብረን ቁጭ ብለን እንከፍተዋለን፣ እኔ አነብልሻለሁ።

እናትሽ